መዝጊያው እስኪነሣ

«ውኃው ሳይዘጋ ቶሎ በይ» አለች እማ በሹክሹክታ። «ቦርሳዋን ፈትሺው።»

ናጃት ኮሪደሩ ላይ ቆማ የሻወር ቤቱን በር አየች። ውስጥ እህቷ ኑርያ እየዘፈነች ትታጠባለች። ዛሬ ዘፋኝ ናት። ትናንት ደግሞ ከማንም ጋር አልነጋገርም ብላ ምሳዋንም እራቷንም ሳትቀምስ ነው የዋለችው። ነገ ምን እንደምትሆን አላህ ይወቅ።

«ራስሽ ለምን አትፈትሺውም?»

«እኔ ከነካሁት ታውቅብኛለች። አንች ብትያዥ ማስቲካ ፈልጌ ነው ትያታለሽ። ያላ!»

ናጃት አልጋው ላይ የተጣለው ቦርሳ ውስጥ እጇን ሰደደች። ሊፕስቲክ፣ ሁለት የሂና ቱቦ፣ ማስቲካ፣ የተጨማደደ ሶፍት። ኑርያ ለሙሽሮች ሂና ትስላለች፤ እጇ የተባረከ ነው። በውስጠኛው ኪስ ግን ወፈር ያለች ካርድ ነበረች። ሪያድ መሃል፣ ባጥሐ ያለ የአንድ ክሊኒክ ስም በዐረብኛ ታትሞባታል። ከሥሩ በእስክሪብቶ «ኑርያ ጣሂር፣ ሰኞ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ» ይላል። አጠገቧ ግማሹ ያለቀ የኪኒን እሽግ አለ።

ኑርያ ሰኞ ሰኞ የምትወጣው ጓደኛዬ ኸይሪያ ቤት ቁርኣን ልቀራ ነው እያለች ነው። ያላገባች የሃያ ዓመት ልጅ ቤተሰቧን ዋሽታ ክሊኒክ የምትመላለሰው ለምንድን ነው? ይህን ለመገመት አሥራ አምስት ዓመት መሙላት ይበቃል፤ አስተማሪ አያስፈልግም።

ውኃው ተዘጋ። ናጃት ኪኒኑን መልሳ ካርዷን የጂንሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

«ምን አገኘሽ?» አለች እማ።

«ማስቲካ።»

እማ ዓይኗን አጥብባ አየቻት። ከዚያ ክንዷን ይዛ ወደ ኩሽና አስገባቻትና በሩን ገፋ አደረገችው።

«ስሚኝ፣ አንች ልጅ። አባትሽ ከአሠሪው ከከፊሉ ጋር ጅዳ ነው፤ የሚቀጥለው ሐሙስ ይገባል። ሲመጣ ለኑርያ የመውጫ ቪዛ፣ ኸሩጅ ያሠራላታል፤ ሀገር ቤት ከሚሴ አጎቷ ጋ ትሄዳለች። ኸሩጅ ከወጣ መመለስ የለም፤ ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ ልጄን ሳላውቃት አልሸኛትም። ሰኞ ሰኞ የት እንደምትገባ አይተሽ ንገሪኝ። ንጹሕ ከሆነች አባትሽን እለምነዋለሁ። ጉድ ካለባት ግን፣ ጉዱ እዚህ ሀገር ሳይሰማ ሹልክ ብላ ትውጣ።»

ናጃት እሺ አለች። ስለ ካርዷ ለምን እንደ ዋሸች ለራሷም አልገባትም። ለኑርያ አዝና እንዳልሆነ ግን ታውቃለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ኑርያ ብትሄድላት ደስ የሚላት ቀን ብዙ ነው።

ምክንያት ነበራታ! ባለፈው ሳምንት ኑርያ የጆሮ ወርቋን አውልቃ ናጃት ጆሮ ላይ አድርጋላት፣ «ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ፣ የኔ ነፍስ» ብላ አቅፋት አልቅሳለች። ከሁለት ቀን በኋላ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሩብ ሰዓት ዘገየ። ናጃት በሩን ስትከፍት ኑርያ የባዮሎጂ ደብተሯን አንድ በአንድ እየቀደደች ነበር። «ሆነ ብለሽ ነው የቆየሽው! ከእነማን ጋር ስታሚኝ ነበር?» የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ባዮሎጂ ደግሞ የናጃት ጠላት ነው። በማግስቱ ጠዋት ስትነቃ ደብተሩ ትራሷ አጠገብ ነበር። ገጽ በገጽ በፕላስተር ተለጣጥፏል። ኑርያ ወለሉ ላይ፣ ጣቷ ላይ ፕላስተር እንደተጣበቀ ተኝታለች።

እማ «ጂን ነው» ብላ የቁርኣን ፈውስ፣ ሩቅያ አስቀርታባታለች። አባ «ቅብጠት ነው» ይላል። ናጃት ደግሞ ትወና ነው ባይ ነበረች። ሰው እንዴት በሁለት ቀን ውስጥ ነፍሴም ጠላቴም ይላል? አንዱ ውሸት መሆን አለበት።

ቅዳሜና እሑድ ኑርያ ክፍሉን ገለባበጠችው። ፍራሹን አነሣች፤ የአባያዎቿን ኪስ ሁሉ ገለበጠች።

«ምን ጠፋብሽ?» አለች ናጃት።

«ምንም።»

ተያዩ። ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ። ካርዷ በናጃት የፊዚክስ መጽሐፍ መሃል ነበረች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ናጃት ያሰበችውን ተናገረች። «ባጥሐ ሄጄ የድሮ ፈተናዎች ፎቶ ኮፒ ላደርግ ነው። ትሸኚኛለሽ?»

ኑርያ መስታወቱ ፊት ሻርቧን እያስተካከለች ነበር። እጇ ቆመ። «እኔም ወደዚያ ነኝ» አለች ቆይታ። «አብረን እንሂድ። ከዚያ አንቺ ወደ ጉዳይሽ፣ እኔ ወደ ኸይሪያ።»

ኸይሪያ የምትኖረው ባጥሐ አይደለም። ናጃት ግን የመጽሐፍ ቦርሳዋን አንሥታ ተከተለቻት።

ከሰፈራቸው ከመንሱራ እስከ ባጥሐ በታክሲ ቅርብ ነው። ኑርያ በጣም ደስ ብሏት ነበር። የሾፌሩን የሂንዲ ዘፈን እያጀበች፣ ናጃትን በክርኗ እየጎሸመች፣ «ፈተናውን ስታልፊ እጅሽን እስከ ክርንሽ ነው ሂና የምስልልሽ፤ ሙሽራ ነው የምትመስዪው» አለቻት። ናጃት ሳቀች። ኑርያ እንዲህ ስትሆን ከእሷ ጋር መዋል ምን እንደሚመስል ለማያውቃት ማስረዳት ይከብዳል። የልደት ቀንሽ ዛሬ መሆኑን የነገሩሽ ያህል ነው።

የናጃት ስልክ ጥን አለ። እማ ናት። «ደረሳችሁ?» ናጃት ቶሎ ብላ ድምፁን አጠፋችና ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው።

«ማን ነው?»

«የክፍሌ ልጅ።»

ኑርያ ፈገግታዋ ሳይጠፋ ቀዘቀዘ። «እማ ናት የላከችሽ? እንድትከታተዪኝ?»

«ምን አስቀባጠረሽ? ወላሂ አይደለም!»

«በአላህ አትማዪ። እኔ እኮ ነቄ ነኝ» አለች ኑርያ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ናጃት ደግሞ «አየሽ፣ ጀመራት» አለች በሆዷ። በሐሰት የማለችው እሷ መሆኗ ለጊዜው ተረስቷታል።

የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ጠባብ ነው፤ የወረቀትና የፕላስቲክ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ኑርያ አልገባም አለች።

«እዚህ ጥላው ሥር ቆሜ ልጠብቅሽ። ስንት ደቂቃ ነው?»

«አምስት።»

«አምስት ብለሻል» አለች ኑርያ፣ ሰዓቷን እያየች።

ባለሱቁ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው። ማሽናቸውም እንደሳቸው አርጅቷል፤ አንድ ገጽ አውጥቶ ያስባል፤ ሌላውን ገጽ ነክሶ ይይዛል። ከናጃት ሌላ አንዲት ፊሊፒናዊት ፖስታ ትመርጣለች። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ የዐስር፣ የከሰዓቱ ሰላት አዛን ተጀመረ። ሽማግሌው «ያ አላህ» ብለው ሮጥ አሉና የብረት መዝጊያውን ጎትተው ከላይ እስከ ታች አወረዱት። ክርርር፣ ዷ! ሱቁ ጨለመ፤ አንዲት አምፖል ብቻ ቀረች።

የሪያድ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰላት ሲደርስ ሱቅ ይዘጋል። ውጭ ያለ ውጭ ይቀራል፤ ውስጥ የተገኘ ደግሞ አንዳንዴ ውስጥ ይቆለፍበታል። የሃይማኖት ፖሊሶቹ፣ ሙጠወዖች ክፍት ሱቅ እንዳያዩ ባለሱቆች ይቸኩላሉ። ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ሽማግሌው ምንጣፋቸውን ከማሽኑ ኋላ አነጠፉ።

ያኔ መዝጊያው ተደበደበ።

ዳን! ዳን! ዳን!

ሽማግሌው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ፊሊፒናዊቷ ወደ መደርደሪያው ጥግ ሸሸች። ናጃትም ትንፋሿን ዋጠች። ይህን እሷ ከማንም በላይ ታውቅበታለች። ከሁለት ዓመት በፊት ፖሊስ ወረቀት የሌላቸውን ባፈሰ ጊዜ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ተምሮታል፤ በር ሲደበደብ መብራት ማጥፋት፣ ስልክ ማጥፋት፣ ማሳል እንኳ የለም። እነ ናጃት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ ነበራቸው፤ ጎረቤቶቻቸው ግን አልነበራቸውም። አባ «የሚያውቅሽ ሰው ቀስ ብሎ ያንኳኳል፤ የሚደበድብ ካለ አትክፈቺ» ብሎ አስጠንቅቋቸዋል።

ዳን! ዳን! ዳን! ዳን!

ከላይ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ያስተጋባል። በመሃል የሴት ድምፅ የመሰለ ነገር ተሰማ። «ኑርያ ብትሆንስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ አለባት። ናጃት መዝጊያውን አየችው። አንድ እርምጃ ተራምዳ «አለሁ» ብትል በቂ ነበር። ግን ሽማግሌው አፍጥጠው እያዩዋት ነው፤ ደግሞም የደብተሯ ፕላስተር ትዝ አላት። ብትሆንም ትጠብቅ አለች። ሌላው ሰው ሁሉ ይጠብቅ የለ? 

ድብደባው ቆመ።

መዝጊያው ሲነሣ ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። ጥላው ሥር ማንም የለም። ናጃት ስልኳን አወጣች። ሠላሳ አንድ ጊዜ ተደውሎላታል። ከሥሩ መልእክቶቹ ተደርድረዋል።

«የት ነሽ?»

«ናጁ አምስት ደቂቃ ብለሻል»

«በኋላ በር ወጥተሽ ነው አይደል»

«አውቄው ነበር። አውቄው ነበር»

«አንቺና እማ አሸነፋችሁ። ደስ ይበላችሁ»

«እህት የለኝም ከዛሬ ጀምሮ»

«ናጁዬ ይቅርታ። ይቅርታ። አንሺ ብቻ»

«ተይው አትምጪ»

«በቃ ኸላስ ደክሞኛል»

ናጃት የመጨረሻውን ሁለቴ አነበበችው። ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው። ወደ ግራ ሮጠች፤ የብርድ ልብስ ሻጮቹ ጋ ደረሰች፤ ተመለሰች። የሐዋላ ቢሮዎቹ ፊት የተሰለፉትን ሴቶች አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ጥቁር አባያ ነው። በዚህ ሁሉ ጥቁር መሃል እንዴት ነው እህት የሚፈለገው? መዝጊያውን ስትደበድብ የነበረችው ኑርያ ናት። ናጃት ያኔም አውቃለች፤ አሁን ደግሞ አላወቅሁም ማለት አትችልም።

ካርዷ ትዝ አለቻት። ቦርሳዋ ውስጥ ከነበረው የፊዚክስ መጽሐፍ መሃል አወጣችና ያገኘችውን ፋርማሲስት መንገድ ጠየቀች።

ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሴቶች መጠበቂያው ጥግ ላይ ኑርያ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇን በረጠበ ሶፍት ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። ናጃትን ስታይ ፊቷ መጀመሪያ በራ፤ ወዲያው ተዘጋ።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ሱቁ ተዘግቶብኝ ነው! ሽማግሌው ቆለፉት፣ ስልኬ ድምፅ አልነበረውም...»

«እንዴት አገኘሽኝ?»

ካርዷ በናጃት እጅ ነበረች። ኑርያ አየቻት።

«ቦርሳዬን ፈትሸሻል።»

«እማ ናት ያለችኝ።»

«ታክሲ ውስጥ ስጠይቅሽ ወላሂ አይደለም ብለሻል።» ኑርያ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «አየሽ? ሁሌ 'ይመስልሻል፣ ይመስልሻል' ትሉኛላችሁ። ይኸው አልመሰለኝም።»

ናጃት አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ አፏ ላይ የመጣው ለቀናት ያብሰለሰላት ነገር ነበር።

«አርግዘሻል እንዴ?»

ኑርያ አፍጥጣ አየቻት። «ምን?»

«ታዲያ ክሊኒክ ምን ትሠሪያለሽ? እማ ጉድ አለባት ብላለች፤ ጉድ ካለብሽ ሐሙስ አባ ሲመጣ በኸሩጅ ልትሄጂ ነው። ለምን እንደምትመጪ ንገሪኝ።»

ኑርያ ሶፍቱን ገለጥ ስታደርገው ጉልጥምቶቿ አብጠው ቆዳው ተልጧል።

«የጭንቅላት ሐኪም ናት» አለች። «ሱዳናዊት ናት፤ ዶክተር ሸሪፋ ትባላለች። በሽታው ስም አለው፤ ቦርደርላይን ይባላል፤ የስብዕና መታወክ ነው። ጊዜ ይወስዳል ግን ይሻላል ብላኛለች። በሂና ብሬ ነው የምመጣው። ምን እንደሚሰማሽ ለአንድ ለምታምኚው ሰው ንገሪ ካለችኝ ወር አለፈኝ። የማምነው ሰው ጠፍቶ ነው የቆየሁት።»

«እሺ ንገሪኝ።»

«አንቺን አላምንሽም።»

«እሱን ተይው» አለች ናጃት። «ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

ኑርያ በመስኮቱ ወደ ታች አየች። ከታች ሱቆቹ አንድ በአንድ እየተከፈቱ ነው፤ የመዝጊያዎቹ ክርርታ እስከ ላይ ይሰማል።

«ሰላት ሲደርስ ሱቅ ይዘጋል አይደል? አንቺ መዝጊያው ሲወርድ ምን ታስቢያለሽ?»

«ምን አስባለሁ? ሃያ ደቂቃ ጠብቄ እገባለሁ።»

«እኔም እንደሚከፈት አውቃለሁ። ደደብ አይደለሁም። ግን ማወቄ ሆዴ ድረስ አይወርድም። መዝጊያ በወረደ ቁጥር ዳግመኛ የሚነሣ አይመስለኝም። ስልክ አላነሣሽም፣ ወረደ። እማ ሰላም ስትለኝ ፊቷን አጠቆረች፣ ወረደ። አውቶቡስሽ ዘገየ፣ ወረደ። ያኔ እደበድባለሁ። እጄ ይመመኝ፣ ሰው ይየኝ፣ ግድ የለኝም። በኋላ ሲከፈት ግን እዚያው በር ላይ ቆሜ ነው የሚያገኙኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። እንዴት እንደማፍር! ከእፍረቱ ብዛት ራሴው እዘጋለሁ። 'አትምጪ' እላለሁ።»

«ስትሰድቢኝስ? ደብተሬን ስትቀጂስ?»

«ያኔ የምጠላሽ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ ነኝ። የጆሮ ወርቄን የሰጠሁሽ እኔ መሆኔን አውቃለሁ፤ ግን ስለ ሌላ ሰው የሰማሁት ወሬ ነው የሚመስለኝ። ሲያልፍልኝ ደግሞ ባዶ ነኝ። ማን እንደሆንኩ አላውቅም። ሂና ስስል ብቻ ነው ደህና የምሆነው። እጄ ምን እንደሚሠራ ያውቃል።» ያበጠውን እጇን አገላበጠችው። «ይኸው ደግሞ ዛሬ ያደረግሁትን እይ።»

«'ደክሞኛል' ያልሽው...»

«እንደዚያ የምልባቸው ቀናት አሉ። ለዶክተሯ ነግሬያታለሁ፤ ስልኳን ሰጥታኛለች። ዛሬም ወደዚህ የሮጥኩት ለዚያ ነው።»

ናጃትን ደስ ያላት ነገር ቢኖር ኑርያ ወደዚህ መሮጧ ነው። ግን ተናዳም ነበር፤ ሁለቱ ስሜቶች አብረው ነበሩ።

«ትወና ይመስለኝ ነበር» አለች።

«አንዳንዴ እኔም ይመስለኛል» አለች ኑርያ።

«እኔስ ምን እንደሚሰማኝ ልንገርሽ? ከትምህርት ቤት ስመጣ መጀመሪያ ጫማሽን ነው የማየው። በር ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጠ ዛሬ ሰላም ነው እላለሁ። አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ከተወረወረ ደረጃው ላይ ትንሽ ቆሜ ነው የምገባው። የባዮሎጂ ደብተሬን ትምህርት ቤት ነው የማሳድረው። አንዳንዴ...» አንዴ ጀምራዋለች። «አንዳንዴ በሄደችልኝ እላለሁ። ዛሬም ስትደበድቢ አንቺ ትሆኚያለሽ ብዬ ነበር። ዝም አልኩ።»

ይህን ብላ ጠበቀች። አሁን ይጀመራል፤ አሁን «እህት የለኝም» ትላለች። ኑርያ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የምትቆጥር ትመስላለች።

«ይሄ ያማል» አለች በመጨረሻ። «ግን ሌላው ሁሉ ሲዋሸኝ ከመስማት ይሻላል።»

ነርሷ በሩን ከፍታ «ኑርያ ጣሂር!» ብላ ጠራች።

ኑርያ ተነሣች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች። «ትጠብቂኛለሽ?»

«ስንት ደቂቃ?»

«አርባ።»

«እዚሁ ወንበር ላይ ነኝ።»

በአርባው ደቂቃ ውስጥ እማ ስድስት መልእክት ላከች። «ምን አየሽ?» «መልሺልኝ እንጂ!» የመጨረሻው «ወንድ ነው?» ይላል። ናጃት ጻፈች፣ አጠፋች፣ ጻፈች፣ አጠፋች። ምንም የለም ብትል እማ አታምንም። ክሊኒክ ናት ብትል እማም እሷ የገመተችውን ትገምታለች። የጭንቅላት ሐኪም ብትል ደግሞ «አብዳለች» ይባላል፤ ከሚሴ ደግሞ ዶክተር ሸሪፋ የለችም። ዝም ካለች ሐሙስ ይመጣል።

ኑርያ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ወንበሩን ነው። ናጃት ነበረች።

ቤት ሲደርሱ ኑርያ ቀጥታ ክፍሏ ገብታ ቆለፈች። ጫማዋ አንዱ በር ላይ፣ ሌላው ምንጣፉ ላይ ቀረ። እማ ናጃትን ወደ ኩሽና ጠራቻት። ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ እጇ ግን ትሪው ላይ ቆሟል።

«እሽ?»

«እማ፣ ትንሽ ጠብቂኝ።»

«ምን ልጠብቅ? ሆዴ ተቃጠለ እኮ! አባትሽ ደውሎ ነበር፤ ምን ልበለው?»

«እስከ መግሪብ ብቻ። ከሰላት በኋላ ትሰሚያለሽ።»

ናጃት ወደ ክፍሉ ሄደችና ቀስ ብላ አንኳኳች። መልስ የለም። ካርዷን ከበሩ ሥር ገፋቻት።

«ካርድሽ ናት» አለች በሩን ተደግፋ። «እማ እየጠየቀችኝ ነው። አንቺ በሌለሽበት አንድ ቃል አልነግራትም። ግን ከእንግዲህ አልዋሻትም፤ አንቺንም አልዋሽሽም። አሁን መግሪብ ልስገድ ነው። ሃያ ደቂቃ። ከዚያ መጥቼ አንኳኳለሁ።»

አዛኑ ተጀመረ። ናጃት ሰገደች፤ ሰግዳም ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሲሆን ተነሥታ በሩ ፊት ቆመች። ሃያ ሲሞላ አንኳኳች።

ቁልፉ ዞረ። ኑርያ ዓይኗ አብጧል፤ ካርዷን ይዛለች።

«አንቺ ጀምሪ» አለች። «እኔ ጎንሽ እቀመጣለሁ።»

ወደ ኩሽና ገቡ። ኑርያ ካርዷን ከሩዙ ትሪ አጠገብ አስቀመጠች። እማ የክሊኒኩን ስም አንብባ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ያ ረቢ! ያ ረቢ! ስንት ወርሽ ነው?»

ኑርያ ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ነው የሳቀችው። ናጃትም ሳታስበው ሳቀች፤ እማ አንዷን ከአንዷ እያየች ግራ ገባት።

«እማ፣ አላረገዘችም» አለች ናጃት። «አሟት ነው። ለሐኪም ነው የምትሄደው። ሰኞ ሰኞ ቁርኣን ሳይሆን እዚያ ነበረች። ቦርሳዋ ውስጥ ያገኘሁትም ማስቲካ ብቻ አልነበረም፤ ዋሽቼሻለሁ። ሌላውን እሷ ትንገርሽ።»

እማ ያኔ ገና ያበጠውን እጅ አየችው። ማቀዝቀዣውን ከፍታ በረዶ በፎጣ ጠቀለለች፤ እጁን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችበት። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለች፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። «ተናገሪ፤ እሰማለሁ።»

ኑርያ በረዶውን እያየች ጀመረች። «እማ፣ ሰላት ሲደርስ ሱቅ ይዘጋል አይደል?»

እማ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሁሉም ገባት ማለት አይቻልም። «ሩቅያውስ?» ብላ ጠየቀች። ኑርያ «ያረጋጋኛል፤ አልተውም። ግን ሐኪሟም ታስፈልገኛለች» አለቻት። «ሐኪሟ ሴት ናት?» አለች እማ። ሴት ናት። ከዚያ ፎጣውን አገላበጠች፤ በረዶው እየቀለጠ ቀሚሷን አረጠበው።

«ሐሙስ አባታችሁ እስከ ሰኞ እንዲታገሥ እኔ አናግረዋለሁ» አለች። «ሐኪሟን በዓይኔ ሳላይ ግን ቃል አልገባም። ሰኞ በስንት ሰዓት ነው?»

«ከዐስር ሰላት በኋላ» አለች ኑርያ። «እስከ ሰኞ ግን ሐሳብሽን ትቀይሪያለሽ። አውቃለሁ።»

እማ ሩዟን መልቀም ቀጠለች።

ናጃት ሳሎን ገብታ ከአሥራ ሁለቱ ገጾች የመጀመሪያውን ዘረጋች። ስልኳን አወጣች። ድምፁን እንዳጠፋችው ነው። ፈተናው ሊደርስ አራት ሳምንት ቀርቶታል፤ ጸጥታው ደስ ይላል። ትንሽ አሰበችና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍታ መጽሐፉ ላይ አስቀመጠችው።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሳለች ጮኸ። «ኑርዬ» ይላል። ክፍሏ አሥር እርምጃ አይርቅም። ናጃት ጣቷን ጥያቄው ላይ እንዳደረገች አነሣችው።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«ተቀይመሽኛል አይደል?»

ናጃት አልቸኮለችም። «ትንሽ» አለች። «ግን አለሁ።»